ኢትዮጵያዊ ዜግነት በሕግ ስለሚገኝበትና ስለሚቀርበት ሁኔታ፦ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

ዜግነት አንድን ሰው ከአንድ አገር ጋር የሚያስተሳስር ሕጋዊ ግንኙነት ነው። ይህ ግንኙነት መብትንም ግዴታንም ያስከትላል። መምረጥና መመረጥ፣ በአገር ውስጥ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ መኖርና መሥራት፣ ፓስፖርት ማግኘት፣ በውጭ አገር ሲኖሩ የኤምባሲ ጥበቃ መጠየቅ ሁሉም ከዜግነት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ የዜግነት ጉዳይ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የሚታወሰው ፓስፖርት ማሳደስ ሲያስፈልግ፣ የውርስ ክርክር ሲነሳ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የሰጠው የጊዜ ገደብ አልፎ ሊገኝ ይችላል። በተለይም የሁለት አገር ዜግነት ይዞ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ምርጫውን ማሳወቅ የሚገባው 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ዕድሜ ብዙ ወጣቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁበት በመሆኑ ትምህርቱ ከዚያ በፊት ሊሰጥ ይገባል።

ይህ ማብራሪያ ኢትዮጵያዊ ዜግነት እንዴት እንደሚገኝ፣ የውጭ አገር ሰው በሕግ ኢትዮጵያዊ ለመሆን ምን ማሟላት እንዳለበት፣ ኢትዮጵያዊው የሌላ አገር ዜግነት ሲያገኝ ምን እንደሚከተልና የቀድሞ ዜግነት እንዴት እንደሚመለስ በቅደም ተከተል ያስረዳል። በመጨረሻም ለክፍል ውይይት የሚያገለግሉ ምሳሌዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

1. በቅድሚያ ሊለዩ የሚገባቸው ቃላት

በዕለት ተዕለት ንግግር «ስደተኛ» የሚለው ቃል ከአገሩ ወጥቶ ለሚኖር ሰው ሁሉ ይውላል። በሕግ ግን ከአገር የመውጣቱ ምክንያትና በሚኖርበት አገር ያለው ሕጋዊ ሁኔታ እየታየ ልዩ ልዩ ስያሜ ይሰጠዋል። መምህራን ትምህርቱን ከእነዚህ ቃላት ቢጀምሩ ተማሪዎች በኋላ የሚከተለውን ለመረዳት ይቀላቸዋል።

ስደተኛ፦ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በመሳሰለው ምክንያት የሚደርስበትን ስደትና መከራ ወይም ጦርነትን ሸሽቶ ከአገሩ የወጣና በተሰደደበት አገር ጥበቃ ያገኘ ሰው ነው። ጥያቄ አቅርቦ ውሳኔ በመጠባበቅ ላይ ያለው ደግሞ ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል።

ፍልሰተኛ፦ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመቀላቀል ከአገር ወደ አገር የሚንቀሳቀስ ሰው ነው።

ቋሚ ነዋሪ፦ በሌላ አገር ያለ ጊዜ ገደብ ለመኖር የተፈቀደለት፣ ነገር ግን የዚያ አገር ዜጋ ያልሆነ ሰው ነው።

ዜግነት አልባ፦ ማንኛውም አገር በሕጉ መሠረት ዜጋዬ ነው የማይለው ሰው ነው።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ፦ ቀደም ሲል ኢትዮጵያዊ የነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ አገር ዜጋ ነው። ኢትዮጵያዊነቱ የትውልድ ሐረጉን ያመለክታል፤ አሁን ያለው ዜግነት ግን የሌላ አገር ነው።

ከቃላቱ ጋር ሰነዶችንም መለየት ያስፈልጋል። የፋይዳ መታወቂያ የነዋሪን ማንነት የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የውጭ አገር ዜጎችም ሊያገኙት ስለሚችሉ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። በባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሚይዙት የመኖሪያ ፈቃድ፣ በተለምዶ «ኢቃማ» የሚባለው፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢታደስ ዜግነት አይሰጥም። በዲቪ ዕጣ የሚገኘው የአሜሪካ ግሪን ካርድም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ እንጂ ዜግነት አይደለም።

2. የዜግነት ሕጎች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንደኛው ኢትዮጵያዊ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የኢትዮጵያ ዜጋ እንደሚሆንና የውጭ አገር ዜጎችም ኢትዮጵያዊ ዜግነት ሊያገኙ እንደሚችሉ ይደነግጋል። በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱ እንደማይገፈፍ፣ የውጭ አገር ሰው ማግባትም ኢትዮጵያዊ ዜግነትን እንደማያስቀር፣ እንዲሁም ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የመለወጥ መብት እንዳለው ተደንግጓል። አንቀጽ 36 እያንዳንዱ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

ዝርዝሩ የሚገኘው በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ይህ አዋጅ ከ1922 ዓ.ም ጀምሮ ከሰባ ዓመታት በላይ ሲሠራበት የቆየውን የዜግነት ሕግ ተክቷል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው ልዩነት ለተማሪዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። የቀድሞው ሕግ ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚያመለክት የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ አምስት ዓመት እንዲኖርና አማርኛን አጥርቶ እንዲናገርና እንዲጽፍ ይጠይቅ ነበር። አሁን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ የመኖሪያ ጊዜውን ወደ አራት ዓመት ዝቅ ያደረገ ሲሆን፣ ቋንቋን በሚመለከት ከአገሪቱ ብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በማንኛውም መግባባት መቻልን በቂ አድርጎታል። በአፋርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ የሚግባባ አመልካች አማርኛ አያውቅም ተብሎ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን አይችልም።

3. በትውልድ የሚገኝ ዜግነት

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያገኘው በትውልድ ነው። ይህ ዜግነት ማመልከቻም ሆነ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በዚህ ረገድ ሦስት ነጥቦች ሊታወቁ ይገባል።

አንደኛ፣ እናትና አባት እኩል ናቸው። ልጁ ከእናቱ ብቻ ኢትዮጵያዊ ቢሆን ከአባቱ ኢትዮጵያዊ ከሆነው በምንም አያንስም። በሥራ ምክንያት በውጭ አገር ሳለች የወለደች ኢትዮጵያዊት እናት፣ አባቱ የውጭ አገር ሰው ቢሆንም ባይታወቅም፣ ልጇ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው።

ሁለተኛ፣ የትውልድ ቦታ ለብቻው ዜግነት አይሰጥም። እንደ ካናዳ ያሉ አገሮች በግዛታቸው ለተወለደ ሕፃን ዜግነት ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ሕግ የሚከተለው ግን የወላጆችን ዜግነት ነው። በኢትዮጵያ ምድር ከውጭ አገር ወላጆች የተወለደ ልጅ እዚህ በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ልዩ ጥበቃ አለው። በኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የውጭ አገር ዜግነት ያለው መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ተቆጥሮ ኢትዮጵያዊ ይሆናል። የድንጋጌው ዓላማ ሕፃኑ ዜግነት አልባ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ዜግነቱ በሕግ የተገኘ ቢሆንም በማስረጃ ካልተደገፈ በተግባር ለመጠቀም ያስቸግራል። ለዚህም የልደት ምዝገባ ዋነኛው መሠረት ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምዝገባው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ይከናወናል። ሳይመዘገብ ወደ አገር ቤት የተላከ ሕፃን ዜግነቱን አያጣም፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲገባና ፓስፖርት ሲጠይቅ የእናቱን ወይም የአባቱን ኢትዮጵያዊነትና የዝምድናውን ማስረጃ ፍለጋ ቤተሰቡን ለብዙ እንግልት ይዳርጋል።

4. የውጭ አገር ሰው በሕግ ኢትዮጵያዊ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች

ከኢትዮጵያዊ ያልተወለደ ሰው ኢትዮጵያዊ ሊሆን የሚችለው በሕግ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 5 መሠረት አመልካቹ የሚከተሉትን ማሟላት ይጠበቅበታል፦

ሀ) በኢትዮጵያ ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰና በሕግ ፊት ችሎታ ያለው መሆን፤
ለ) መደበኛ መኖሪያውን በኢትዮጵያ ያደረገና ከማመልከቱ በፊት በድምሩ ቢያንስ ለአራት ዓመታት በኢትዮጵያ የኖረ መሆን፤
ሐ) ከአገሪቱ ብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻል፤
መ) ራሱንና ቤተሰቡን ለማስተዳደር የሚያስችል በቂና ሕጋዊ የገቢ ምንጭ ያለው መሆን፤
ሠ) መልካም ሥነ ምግባር ያለው መሆን፤
ረ) በወንጀል ተከሶ የተፈረደበት አለመሆን፤
ሰ) የቀድሞ ዜግነቱን የለቀቀ ወይም ኢትዮጵያዊ ዜግነት ሲያገኝ ሊለቅ የሚችል መሆኑን፣ አለዚያም ዜግነት አልባ መሆኑን ማሳየት መቻል፤
ሸ) የታማኝነት ቃለ መሐላ መፈጸም።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ለተማሪዎች በተለየ ሁኔታ ሊብራሩ ይገባል። በፊደል «ለ» የተመለከተው አራት ዓመት «በድምሩ» የተባለ ነው። ስለዚህ አመልካቹ በመካከሉ ወደ ውጭ አገር ሄዶ መመለሱ ብቻውን ቀደም ሲል የኖረበትን ጊዜ አያጠፋበትም። በፊደል «ሰ» የተመለከተው ደግሞ የአዋጁ መሠረታዊ መርሕ የሚንጸባረቅበት ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሁለት አገር ዜጋ እንዲሆን አይፈቅድም። መርሑ ወደ ኢትዮጵያዊ ዜግነት በሚገባውም ከእርሱ በሚወጣውም ላይ ተፈጻሚ ነው። የውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የነበረውን ዜግነት ይለቃል፤ ኢትዮጵያዊውም የሌላ አገር ዜግነት ሲወስድ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ይቀራል።

5. ልዩ ሁኔታዎች፦ ጋብቻ፣ ጉዲፈቻና የላቀ አስተዋጽኦ

ጋብቻ፦ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ሰው በጋብቻው ምክንያት ወዲያውኑ ኢትዮጵያዊ አይሆንም። ጋብቻው በኢትዮጵያ ሕግ ወይም በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመ፣ ከተፈጸመም ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ የቀድሞ ዜግነቱን የሚለቅና ቃለ መሐላ የሚፈጽም ሊሆን ይገባል። የአራት ዓመት መኖሪያ፣ የቋንቋና የገቢ መስፈርቶች ግን ለእርሱ አልተጠየቁም።

ጉዲፈቻ፦ በኢትዮጵያዊ ጉዲፈቻ የተደረገ የውጭ አገር ልጅ ለአካለ መጠን ካልደረሰና ከጉዲፈቻ አድራጊው ጋር በኢትዮጵያ የሚኖር ከሆነ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ሊያገኝ ይችላል። ከጉዲፈቻ አድራጊዎቹ አንዱ የውጭ አገር ሰው ከሆነ ስምምነቱን በጽሑፍ መግለጽ ይኖርበታል። የቀድሞ ዜግነትን የሚመለከተው መስፈርትም መሟላት አለበት።

የላቀ አስተዋጽኦ፦ ለኢትዮጵያ ጥቅም የላቀ አስተዋጽኦ ያደረገ የውጭ አገር ሰው የአራት ዓመት መኖሪያና የቋንቋ መስፈርቶች ሳይጠየቁ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ሊሰጠው ይችላል።

ከዚህ ጋር በተያያዘ ዜግነት ሳይሰጥ ለመኖር ብቻ የሚፈቀድበት ሁኔታም መኖሩ መታወቅ አለበት። በሻሸመኔና በሌሎች አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት ለኖሩ የራስ ተፈሪያን ማኅበረሰብ አባላት በ2009 ዓ.ም መታወቂያ እንዲሰጣቸው መወሰኑ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። መታወቂያው ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር የሚያስችል ሲሆን፣ በራሱ ኢትዮጵያዊ ዜግነት አያሰጥም።

6. የአቀራረብና የውሳኔ ሥርዓት

የዜግነት ጥያቄ የሚቀርበው በአሁኑ ወቅት የዜግነት ጉዳዮችን ለሚያስፈጽመው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ማመልከቻው ከላይ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች መሟላታቸውን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች ጋር ይቀርባል። ከሚመለከታቸው የመንግሥት ተቋማት የተውጣጣ የዜግነት ጉዳይ ኮሚቴ ጥያቄውን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ አመልካቹ ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታማኝ እንደሚሆንና ሕገ መንግሥቱን እንደሚያከብር ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ የዜግነት ምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል።

7. በኢትዮጵያ የሚኖሩ ስደተኞች

ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከሌሎች አገሮች የመጡ በርካታ ስደተኞችን አስጠልላለች። ልጆቻቸው በመጠለያ ጣቢያዎችና በከተሞች ከኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ይማራሉ። ስለዚህ «በክፍላችን ያለው ስደተኛ ተማሪ ኢትዮጵያዊ ሊሆን ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ተማሪዎች የቅርብ ጥያቄ ነው።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እውቅና ያገኘ ስደተኛ በዜግነት አዋጁ የተመለከቱትን ሁኔታዎች ካሟላ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ለማግኘት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ስደተኝነቱ ጥያቄ ከማቅረብ አያግደውም፤ በራሱም ዜግነት አያሰጠውም። ለስደተኞች አስቸጋሪ ሊሆን የሚችለው የቀድሞ ዜግነትን የመልቀቅ መስፈርት ነው፤ ከሸሹት መንግሥት ማስረጃ መጠየቅ ቀላል አይደለምና።

በሌላ በኩል የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሌሎች ወሳኝ ኩነቶች በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ማሻሻያ መሠረት በኢትዮጵያ እንዲመዘገቡ ተደርጓል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ልጁ መቼ፣ የትና ከማን እንደተወለደ ያረጋግጣል፤ ኢትዮጵያዊ ነው ማለት ግን አይደለም። እንዲያም ሆኖ ልጁ ወደፊት በየትኛውም አገር ዜግነቱን ለማስረዳት መነሻ የሚሆነው ይህ ሰነድ ነው።

8. ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜግነት ሲያገኝ

በአዋጁ ከተመለከቱት ጉዳዮች ለቤተሰቦች የከበደ ውጤት የሚያስከትለው ይህ ክፍል ነው። ሦስት ሁኔታዎች ተለይተው መታየት አለባቸው።

በራስ ፈቃድ የተገኘ ዜግነት፦ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ በአጠቃላይ አምስት ዓመት፣ ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ የሚኖር ከሆነ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ማመልከት ይችላል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታና የአገሪቱን ታሪክና የመንግሥት አወቃቀር የሚመለከት ፈተና ይወስዳል፤ በመጨረሻም ለሌላ አገር ያለውን ታማኝነት የሚተውበትን ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ቃለ መሐላውን እስከሚፈጽምበት ቀን ድረስ፣ ፈተናውን ያለፈ ቢሆን እንኳ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ቃለ መሐላውን ፈጽሞ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ግን በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ አገር ዜጋ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ የአገልግሎት ዘመን ገና አለማለቁ ይህን አይለውጠውም።

ሲወለድ የተገኘ ሌላ ዜግነት፦ ከአንድ የውጭ አገር ወላጅ በመወለዱ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ ኢትዮጵያዊ ካልሆነ ዜግነት ጋር አብሮ ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለመቀጠል መምረጡን ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። ይህን ካላደረገ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለት በራሱ ውጤት እንዳለው ወጣቶች ሊገነዘቡት ይገባል፤ ሕጉ ዝምታውን እንደ ምርጫ ይወስደዋልና።

ያለ ራስ ጥያቄ በሕግ የተገኘ ዜግነት፦ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳያመለክት፣ ከትውልድ ውጭ በሆነ ምክንያት፣ የሌላ አገር ሕግ ዜግነት የሚሰጠው ጊዜ አለ። በዚያ ዜግነት የሚገኙ መብቶችን መጠቀም ከጀመረ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ አዲሱን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለመቀጠል መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል።

አንድ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ማጣቱ የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን ዜግነት አይነካም። ባል የሌላ አገር ዜግነት ስለወሰደ ሚስት ኢትዮጵያዊነቷ አይቀርም። ልጆችም የራሳቸው ሁኔታ ለብቻው ይታያል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ለመልቀቅ የሚያመለክት ሰው ያልተወጣው ብሔራዊ ግዴታ ካለበት ወይም በወንጀል የተከሰሰ ወይም የተፈረደበት ከሆነ፣ ግዴታውን እስኪወጣ፣ በነፃ እስኪለቀቅ ወይም ቅጣቱን እስኪፈጽም ድረስ ጥያቄው ተቀባይነት አያገኝም።

9. የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ

ዜግነቱ የቀረ ሰው ከትውልድ አገሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያውያን በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን መታወቂያ ማግኘት ይችላሉ። የመታወቂያው ባለቤት ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆንና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መዋዕለ ንዋይ ማፍሰስ ይችላል። በአዋጁ ትርጓሜ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ቀርቶ የኤርትራን ዜግነት ያገኘ ሰው በዚህ አልተካተተም።

መታወቂያው የማይሰጣቸው መብቶችም ተለይተው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ በየትኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ በአገር መከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ ተቋማት ውስጥም ሊቀጠር አይችልም። ቢጫ ካርድ የመኖርን፣ የመሥራትንና ሀብት የማፍራትን መብት ይሰጣል፤ የአገሪቱን የፖለቲካ ሥልጣን የመወሰን መብት ግን ለዜጎች የተጠበቀ ነው።

10. ኢትዮጵያዊ ዜግነትን መልሶ ማግኘት

ቀደም ሲል ኢትዮጵያዊ የነበረና የውጭ አገር ዜግነት በመውሰዱ ዜግነቱ የቀረ ሰው መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ መደበኛ መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ መመለስ፣ የያዘውን የውጭ አገር ዜግነት መተውና ዜግነቱ እንዲመለስለት ማመልከት። ሁለቱን ዜግነት ለመያዝ የሚያስችል መንገድ ግን የለም። ስለዚህ መወሰን የሚፈልጉ ሰዎች በሚኖሩበት አገር ያላቸውን ጡረታ፣ ንብረትና የቤተሰብ ሁኔታ አስቀድመው ሊያጤኑ ይገባል።

11. ለክፍል ውይይት የሚያገለግሉ ምሳሌዎች

መምህራን ምሳሌዎቹን በቅድሚያ ያለ መልስ አቅርበው ተማሪዎች በቡድን እንዲወያዩባቸው ማድረግ ይችላሉ። በውይይቱ ወቅት ማንኛውም ተማሪ የራሱን ወይም የቤተሰቡን ሁኔታ በክፍል ፊት እንዲናገር ሊገደድ አይገባም። በተለይ ስደተኛ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው።

ምሳሌ አንድ። አንዲት ኢትዮጵያዊት በሪያድ በሥራ ላይ ሳለች ሴት ልጅ ወለደች። የአባትየው ማንነት አልተመዘገበም። ልጅቱ ዜግነቷ የት ነው?
መልስ፦ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያዊት ናት። እናትየው ልደቱን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለባት።

ምሳሌ ሁለት። አንድ ወጣት በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄዶ በግሪን ካርድ ሦስት ዓመት ኖሯል። አሁን ኢትዮጵያዊ ነው?
መልስ፦ አዎን። ቋሚ ነዋሪነት ዜግነትን አያስቀርም። ዜግነቱ የሚቀረው በፈቃዱ የአሜሪካን ዜግነት ሲወስድ ነው።

ምሳሌ ሦስት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በቶሮንቶ የተወለደች ተማሪ ከወላጆቿ ጋር ተመልሳ በአዲስ አበባ ትማራለች። 18 ዓመት ከሞላት ስድስት ወር ሆኗታል። ኢትዮጵያዊ ሆና ለመቀጠል ምን ማድረግ አለባት?
መልስ፦ በቀሩት ስድስት ወራት የካናዳ ዜግነቷን ትታ ኢትዮጵያዊ ሆና ለመቀጠል መምረጧን ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ማሳወቅ አለባት። የካናዳን ዜግነት ለመያዝ ከመረጠች ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለማግኘት ማመልከት ትችላለች። ሁለቱም ምርጫዎች ሕጋዊ ናቸው፤ ምርጫው ግን አስባበት የወሰነችው ሊሆን ይገባል።

ምሳሌ አራት። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ኢትዮጵያዊት ካገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በኢትዮጵያ የኖረው ግን ስምንት ወር ብቻ ነው። አሁን ለዜግነት ማመልከት ይችላል?
መልስ፦ አይችልም። የሁለት ዓመት የጋብቻ ጊዜውን አሟልቷል፤ የአንድ ዓመት የመኖሪያ ጊዜው ግን አልሞላም። ባለቤቱ ግን እርሱን በማግባቷ ኢትዮጵያዊ ዜግነቷ አልቀረም።

ምሳሌ አምስት። ከደቡብ ሱዳን ከመጡ ስደተኞች በጋምቤላ የተወለደ ተማሪ የኢትዮጵያ የልደት ምስክር ወረቀት አለው። ኢትዮጵያዊ ነው?
መልስ፦ በኢትዮጵያ በመወለዱና የልደት ምስክር ወረቀት በመያዙ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም። ለአካለ መጠን ሲደርስ በአዋጁ የተመለከቱትን ሁኔታዎች ካሟላ ማመልከት ይችላል። የሚግባባበት የአካባቢው ቋንቋም የቋንቋውን መስፈርት ለማሟላት ያገለግለዋል።

12. ተገልጋዮች ሊያስታውሷቸው የሚገቡ ነጥቦች

የልጆችን ልደት በወቅቱ ማስመዝገብ፣ የወላጆችን ኢትዮጵያዊነት የሚያሳዩ ሰነዶችን ጠብቆ ማቆየት፣ ሁለት ዜግነት ይዘው የተወለዱ ልጆች 18 ዓመት ከመሙላታቸው በፊት በቤተሰብ መመካከር፣ እንዲሁም የሌላ አገር ዜግነት ከመውሰድ በፊት ውጤቱን መረዳት ከብዙ እንግልት ያድናል። ዜግነትን «በዘመድ» ወይም በአቋራጭ እናስገኛለን ከሚሉ ደላሎች መጠንቀቅም ይገባል። በሐሰት ማስረጃ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ሰነድ ማውጣት በወንጀል ያስጠይቃል።

በአገር ውስጥ የሚገኙ ተገልጋዮች የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትን፣ በውጭ አገር የሚኖሩ በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ስደተኞች ደግሞ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትን በመጠየቅ ዝርዝር መረጃ ማግኘት ይችላሉ።

ይህ ማብራሪያ ለንቃተ ሕግ ትምህርት የተዘጋጀ በመሆኑ የሕጎቹን ድንጋጌዎች አይተካም። በማንኛውም ጉዳይ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው በነጋሪት ጋዜጣ የወጡትን ሕጎች መሠረት በማድረግ ነው።